የአባቴ አውራ ጣት

ጅቡቲ፣ ግንቦት 3 ቀን 1965 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባቴ ለይመር፣ መካነ ሰላም።

አሰላሙ አለይኩም አባዬ። እንዴት ነዎት? እማዬ ዘይነባስ እንዴት ነች? ላሟስ፣ በሬዎቹስ? እኔ አልሐምዱሊላህ፣ ከደህናም በላይ ነኝ። ሁለት ዓመት ሙሉ የት ጠፋህ ላሉት፣ ሥራ የበዛበት ሰው ይጠፋል። እዚህ ጀብሪል ሲባል የማያውቅ የለም። ወደቡ ላይ መርከብ ሲቆም መጀመሪያ የሚጠሩት እኔን ነው። ይሄንንም ደብዳቤ በገዛ እጄ ነው የጻፍኩት። ከአራተኛ ክፍል ሲያባርሩኝ ይሄ ልጅ ፊደል አይገባውም ያሉት መምህር መጥተው ይዩት።

በደሴው ሹፌር በፈንታዬ እጅ ራዲዮ ልኬአለሁ። አራት የባትሪ ድንጋይ ይበላል፣ ድንጋዩም አብሮ አለ። የጠቀለልኩበት ነጭ አቡጀዲ አዲስ ነው፣ ለእማዬ ቀሚስ ይሁን። ራዲዮውን ከፍ አድርገው ይስቀሉት። ጎረቤታችን ንጉሡ እንዳይነካካው፣ እሱ የነካው ዕቃ ይሰበራል። ደግሞ ምንም ቢመጣ እንዳይሸጡት። ራዲዮው ከቤት ከወጣ ጀብሪል የሚባል ልጅ የለኝም ይበሉ።

ፎቶግራፉን ይዩት። መኪናው የኔ ነው። ልብሱም ሰዓቱም የኔ ነው። ደብዳቤውን ፍርድ ቤት በር ላይ ማመልከቻ የሚጽፈው ስማቸው ያንብብላችሁ፣ ግን ቤት ውስጥ እንዳይሆን። ገበያ ቀን፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።

የት ነው የምታድረው ላሉት፣ ቤቴ ሰፊ ነው።

ልጅዎ ጀብሪል ይመር

⁂

መካነ ሰላም፣ ሰኔ 20 ቀን 1965 ዓ.ም.

አመልካች፦ ይመር፣ ገበሬ።
መልስ ሰጪ፦ ልጁ ጀብሪል፣ የጅቡቲ ነዋሪ።

ልጄ ሆይ፣ ከላይ ያለውን ስማቸው እንዲህ ካልተጀመረ ደብዳቤ አይባልም ስላለ ነው እንጂ አልከሰስኩህም። እንደምን ሰነበትክ? እኛ ደህና ነን።

ራዲዮው ደርሷል፣ ምሰሶው ላይ ተሰቅሏል። ማታ ማታ ሰው እየመጣ ይሰማዋል። ንጉሡ አልነካውም፣ ከሩቅ ነው የሚቀመጥ። ደብዳቤህም ባዘዝከው መሠረት ገበያ መሐል ተነቧል። ስማቸው ድንጋይ ላይ ወጥቶ ነው ያነበበው፣ መኪናው ጋ ሲደርስ ሁለቴ ደገመው። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው ቀድሞ ሰላም ይለኛል።

ዝናቡን ብትጠይቅ፣ በልግ አልጣለም፣ ክረምቱን እየጠበቅን ነው። በሬዎቹን ለጠየቅከው፣ ዳማው ተሽጦ ወደ ሰው ቤት ሄዷል። አንዱ ብቻውን ቆሟል።

እናትህ አቡጀዲውን ለዒድ አስቀምጣዋለች። ፎቶህን ወደ በሩ ወስዳ በብርሃን አየችው። እንዲህ በልልኝ ብላለች፦ ልብሱ ሰፍቶሃል፣ የማን ነው? አንገትህስ ለምን ቀጠነ?

አባትህ ይመር። እንደ ቃሉ የጻፍኩ ስማቸው።

⁂

ጅቡቲ፣ ኅዳር 11 ቀን 1966 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባዬ።

እንዴት ነዎት? ልብሱ የማን ነው ላለችው ለእማዬ፣ የኔ ነው። እዚህ ሰፊ ነው የሚለበሰው። አንገቴም ፎቶ አንሺው ባጋደለኝ ነው የቀጠነው። ክረምቱ እንዴት ሆነ? ወሎ ተርቧል የሚል ወሬ በባቡር ከድሬዳዋ ይመጣል፣ የኛን የቦረናን ደጋ ግን አይነካውም ብያቸዋለሁ። አይደል?

አድራሻህን ለምን ቀየርክ ቢሉኝ፣ ሰው ቤት ይቀይራል። ይሄንንም ሰሞኑን ልቀይረው ነው። መልሱን በፈንታዬ ይላኩት፣ እሱ ያገኘኛል።

አሁን ይስሙኝማ። ሳሊም የሚባል የየመን ነጋዴ አለ። ራዲዮውን፣ ልብሱን፣ ሰዓቱን ከሱ ነው የወሰድኩት፣ በዱቤ። ለኔ ዱቤ የማይሰጥ የለማ። ወደቡ ስለፈዘዘ ትንሽ ቆየሁበት። ይሄ ሰውዬ ሁለት ሰዎች ሰዶ ያሳድደኛል። አንዱ በር ላይ ይቆማል፣ አንዱ በጓሮ ይመጣል። እኔ እንደሆነ ሁለቱንም እጥላቸዋለሁ፣ አሳዘኑኝ እንጂ። ነገሩ ግን ወረቀት የለኝም። ፈረንሳዮቹ ከተማዋን ዙሪያዋን በሽቦ አጥረዋታል፣ ወረቀት የሌለውን ሰው ካገኙ ከሽቦው ወዲያ በረሃ ላይ ነው የሚጥሉት። ሳሊም ለፖሊስ እሰጥሃለሁ ይለኛል።

እንዲታገሰኝ ብዬ አባቴ ባላባት ነው፣ መሬቱ በበቅሎ ቀኑን ሙሉ ቢሄዱበት አያልቅም አልኩት። ማስረጃ አምጣ አለኝ። ስማቸው እንዲህ ብሎ ይጻፍ፦ ይመር የዚህ አገር ባለርስት ነው። ማኅተም ያስመታበት። ማኅተም እስካለው ድረስ እዚህ ማን አማርኛ ያነባል?

ቶሎ ይሁን አባዬ። አልፈራሁም፣ ግን ቶሎ ይሁን።

ጀብሪል

⁂

መካነ ሰላም፣ ጥር 8 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀብሪል።

ደብዳቤህ ደርሶ ተነቦልኛል። ይህኛው ገበያ ላይ አልተነበበም።

ባለርስት ነው ብለህ አጽፍ ላልከው፣ አላደርገውም። የማርሰው መሬት የሰው ነው፣ እኩሌታውን እየሰጠሁ ነው የኖርኩት። ባለመሬቱ ማኅተሙ የሚገኝበት ቤት ድረስ ይገባል፣ ቢሰማ ከነጎጆዬ ያስነሳኛል። ደግሞ ባይሰማስ።

ነገር ግን ልጅ ሲያዝ አባት ምን እንደሚያደርግ አውቃለሁ። ሁለት ሽማግሌ ይዤ፣ ንጉሡንና አምባቸውን፣ ስማቸው ዘንድ ቀርቤ ዋስ ሆኜሃለሁ። ወረቀቱ ከዚህ ጋር አለ። ለሳሊም ስጠው። ነጋዴ ከሆነ ዋስ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቃሉም እንዲህ ነው፦

«እኔ ይመር፣ ልጄ ጀብሪል ለነጋዴው ለሳሊም ያልከፈለው ዕዳ ቢኖር በአካልም በንብረትም ዋስ ነኝ። መሬት የለኝም። ያለኝ ንብረት አንዲት ላምና አንድ ራዲዮ ነው። ላለመካዴ አውራ ጣቴን አሳርፌአለሁ።»

ቀለሙ እንዳይጠፋ ስማቸው እስኪደርቅ እፍ ብሎበታል።

ክረምቱን ለጠየቅከው፣ አልፏል፣ የቀረውም በሬ ሄዷል። እናትህ ምነው ዝም አለች ብትል፣ የእናትህን ነገር ለሌላ ቀጠሮ አቆይተነዋል።

አባትህ ይመር። ጸሐፊው ስማቸው።

⁂

ጅቡቲ፣ የካቲት 14 ቀን 1966 ዓ.ም.

አባዬ፣ ምን አደረጉኝ?

ወረቀቱን አልሰጠሁም ነበር። ኪሴ ውስጥ እያለ ያዙኝ፣ ሁለቱ ሰዎች። ሳሊም ሱቅ ወስደው ሐረር ያደገ ደላላ አስጠርተው አስነበቡት። እዚህ ማን አማርኛ ያነባል ያልኩት ሰው እኔ ነኝ። መሬት የለኝም ሲል ሳሊም ወደኔ ዞሮ አየኝ። አንዲት ላም ሲል ሁሉም ሳቁ። አንድ ራዲዮ ሲል ሳሊም ሳቁን አቆመ። ራዲዮውን ወደብ ላይ ሰረቁኝ ብዬው ነበር እኮ። እንዳላለቀስኩበት ሁሉ! አንቱ ያልተከፈለበትን የራሱን ዕቃ መልሰው ዋስ አደረጉለት።

ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ካዝናው ውስጥ ቆለፈበት። ይሄ ሽማግሌ አይዋሽም አለ። ደሴ ወኪል አለው፣ ሰውዬውን ወደ እናንተ ልኮታል። እኔን ለጊዜው ለቀቁኝ።

አሁን የምልዎትን ያድርጉ። ራዲዮውን ይደብቁት። እህል ጎተራ ውስጥ ይክተቱት። ላሚቱን ወደ ማሻ ወደ እማዬ ዘመዶች ይንዷት። ሰውዬው ሲመጣ ይመር የሚባል አላውቅም ይበሉት። ስማቸውንም ዋስ የሚባል ነገር ሁለተኛ እንዳይጽፍ ይንገሩልኝ።

እኔ በዚህ ወር ሦስት ቤት ቀይሬአለሁ። ለምን ትሮጣለህ እንዳይሉኝ፣ እየሮጥኩ አይደለም። ጀብሪል ይሮጣል እንዴ? አንድ ቦታ መቀመጥ አልወድም፣ ያው ነው።

ለሌላ ቀጠሮ አቆይተነዋል ማለት ምን ማለት ነው? እናቴ ችሎት ናት? ስማቸው ይሄን የፍርድ ቤት አማርኛውን ይተውና እማዬ ምን እንዳለች ይጻፍልኝ። አንዲት ቃል ትበቃኛለች። ፎቶውን ደግማ አየችው?

ጀብሪል

⁂

መካነ ሰላም፣ ግንቦት 6 ቀን 1966 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀብሪል።

የደሴው ሰው መጥቷል። ከአቀስታ በበቅሎ ነው የመጣው። ይመር የሚባል አላውቅም በል ላልከኝ፣ ይመር ነኝ አልኩት። ጎተራ ውስጥ ደብቅ ላልከው፣ ጎተራውን አፍርሰን አንድደነዋል። ላሚቱን ወረቀት ላይ ሳስጽፋት ቆማ ነበር፣ በየካቲት ወደቀች። ለሰውዬው ይህንኑ ነገርኩት፣ አጥንቷንም አሳየሁት፣ ዋስ ያስያዝኩት ነውና።

ራዲዮውን ከምሰሶው አውርጄ ሰጠሁት። ስማቸው ደረሰኝ ጽፎ አስፈርሞታል። ከቤት ከወጣ ልጅ የለኝም በል ብለህ ነበር፤ አላልኩም። ሰውዬው ጥሩ ሰው ነው፣ ተቀመጥ ብለው ውሃ ብቻ ጠጥቶ ሄደ። የልብሱና የሰዓቱ ዕዳ ግን ቀርቷል። እስከ መስከረም ቀጠሮ ሰጥቶኛል። ካልተከፈለ ራሴን አቀርባለሁ፣ በአካልም ብዬ ፈርሜአለሁ። ደሴ መጋዘኑ ጆንያ የሚሸከም ይፈልጋል። ሽምግልናዬን አየ እንጂ አልከለከለኝም።

አንተ በርታ። ሌላ የሚጻፍ የለም።

አባትህ ይመር

ከጸሐፊው፦

ጀብሪል፣ ይህን አባትህ አላዘዙኝም። ወደ ቤታቸው ሄደዋል፣ ብቻዬን ነው የምጽፈው።

እናትህ ዘይነባ በታኅሣሥ ዐርፈዋል። የዋስ ወረቀቱን ስንጽፍ ከተቀበሩ ሃያ ቀን አልሞላም። ለሌላ ቀጠሮ የሚለውን ቃል የሰጠኋቸው እኔ ነኝ፣ ሌላ መናገሪያ አጥተው ነበር።

በኅዳር የእርዳታ እህል መጥቶ ስም ሲመዘገብ እናትህ ተሰለፉ። ተራቸው ሲደርስ መዝጋቢው አወቃቸው፣ ገበያ ላይ ደብዳቤህን ሳነብ ነበረ። «ልጅሽ ጅቡቲ መኪና ያለው አይደለም ወይ?» አላቸው። ሰው ሁሉ ሰምቷል። አይ፣ ልጄ ያወራው ነው ቢሉ ይጽፋቸው ነበር። እናትህ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ «አዎ፣ ልጄ መኪና አለው» ብለው ከሰልፉ ወጡ።

ራዲዮው እንዲሸጥ ለምኜ ነበር። አባትህ ልጄ አደራ ብሎኛል አሉ። እናትህም አይሸጥም አሉ። ለዒድ ያስቀመጡት አቡጀዲ ከፈናቸው ሆነ።

ድንጋይ ላይ ወጥቼ፣ መኪናውን ሁለቴ ደግሜ ያነበብኩ እኔ ነኝ። ማወቅ አለብህ ብዬ ነው።

ስማቸው

⁂

ጅቡቲ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1966 ዓ.ም.

አባዬ።

ማን አጠባት? ሰደቃ ወጣላት? የት ጋ ነው ያስቀበሯት፣ ከመቃብሩ ዛፍ በላይ ነው በታች? ስማቸውን አይቆጡት። እኔም አልተቆጣሁትም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፣ አልፎልኛል።

ደብዳቤው ሲደርሰኝ ሌላ ቤት ልቀይር ልብሴን ጠቅልዬ ነበር። ጥቅሉን እንደያዝኩ በዋናው መንገድ ሄድኩ። ሁለቱ ሰዎች ሻይ ቤት ተቀምጠው ሳልፍ አዩኝ፣ የምሸሽ መስሏቸው ተነሱ። ተከተሉኝ አልኳቸው። ሳሊም ሱቅ ገብቼ ልብሱንም ሰዓቱንም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ልብሱ ላቤ ስላለበት ዋጋው ወርዷል አለ። ይውረድ አልኩ። የቀረውን በጉልበቴ ልክፈል፣ መጋዘንህ ውስጥ ላድር፣ ወደ ደሴ ግን ጻፍ፣ ዋሱ አይጠራ፣ አባቴ ጆንያ አይሸከምም አልኩት። ብዕሩን አንስቶ ጻፈ። የአንቱን ወረቀት ስጠኝ ብለው ግን አልሰጠኝም። የመጨረሻውን ቀን ትወስዳለህ አለ።

ስለዚህ ደሴ እንዳይሄዱ። መስከረም ቢመጣም እንዳይሄዱ። አሁን የምጽፈውን ደግሞ ስማቸው ገበያ ቀን ያንብበው፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ቆሞ፣ እንደ መጀመሪያው ድምፁን ከፍ አድርጎ።

«ለመካነ ሰላም ገበያተኛ ሁሉ። እኔ የይመርና የዘይነባ ልጅ ጀብሪል ነኝ። መኪና የለኝም። ፎቶው ላይ ያለው መንገድ ዳር የቆመ የሰው መኪና ነው፣ ባለቤቱ ሲመጣ ሮጫለሁ። ልብሱ የዱቤ ነው። ራዲዮውም የዱቤ ነበር፣ ባለቤቱ ወስዶታል። ቤት የለኝም፣ የማድረው ጆንያ ላይ ነው። እናቴ ልጄ መኪና አለው ያለቻችሁ እኔ ዋሽቼያት ነው፣ እሷ ውሸት አታውቅም። አባቴ ይመር የድኻ ልጅ አባት ነው። መዝጋቢው እዚያ ካለህ ስሙን ጻፈው።»

አንድ ነገር ይጨመርበት። ጆንያ በመሸከም እዚህ የሚስተካከለኝ የለም። ይሄ ውሸት አይደለም፣ መጥቶ ያየ ይመስክር።

ጀብሪል

⁂

መካነ ሰላም፣ ጥቅምት 12 ቀን 1967 ዓ.ም.

ለልጄ ለጀብሪል።

እናትህን የመንደሩ ሴቶች አጥበዋታል። ጎረቤታችን ብርሀንነሽ ክርስቲያን ናት፣ ማጠቡን ለእስላሞቹ ትታ ውሃውን እሷ ነች ያመላለሰችው። ከዛፉ በላይ ነው ያለችው፣ ጎርፍ በማይነካው በኩል። ሰደቃዋን በዚህ ወር አወጣሁ፣ ጥቂት ነው።

ደብዳቤህ ክረምቱን ደሴ ከርሞ ከመስቀል በኋላ ነው የደረሰን። በዚህ መሐል ጃንሆይ ወረዱ ተባለ። ወሬውን ከሰው ራዲዮ ሰማሁት፣ ከሩቅ ተቀምጬ፣ እንደ ጎረቤታችን እንደ ንጉሡ።

ገበያ ላይ ተነበበ ወይ ላልከው፣ ተነቧል። ስማቸው ድንጋዩ ላይ ወጥቶ ለራሱ እንደሚያነብ አጉተመተመ። እኔ ከሥር ቆሜ፣ «ከፍ አድርግ፣ የፊተኛውን እንዳነበብከው» አልኩት። ከዚያ አነበበ። መኪና የለኝም የሚለውን ሁለቴ ደገመው።

አንድ ጎረምሳ ሳቀ። ሌላ የሳቀ የለም። ልጆቻቸው አሰብና ጅዳ ያሉ ሰዎች ነበሩ፣ ደብዳቤ በጉያቸው ይዘው ሊያስነብቡ ተራ የሚጠብቁ። አንድ በአንድ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ብርሀንነሽ ብቻ መጥታ፣ የኔም ልጅ ፎቅ ቤት አለኝ ብሎኛል፣ አሁን ገባኝ አለች።

መዝጋቢው ሲነበብ እዚያው ነበረ። በማግስቱ ስሜን ጻፈው። እጄንም ያዝ አደረገ። እህሉን ተቀብዬአለሁ፣ ሰደቃው የወጣው ከሱ ነው።

ደሴ አልሄድኩም። ሰውዬውም አልጠራኝም። ግን ጣቴ አሁንም እዚያ ነው ያለው፣ አልረሳሁትም።

አሁን እኔ የምጠይቅህ አንድ ነው፣ መቼ ትመጣለህ? እሱን መልስልኝ።

አባትህ ይመር። ጸሐፊው ስማቸው፣ ሰላም ብዬሃለሁ።

⁂

ጅቡቲ፣ ሚያዝያ 9 ቀን 1967 ዓ.ም.

አባዬ።

ለጠየቁኝ መልሱ፣ በዚህ ወር ነው። የምመጣው በፈንታዬ መኪና ነው፣ ከአቀስታ ወዲያ መንገዱ ከተበላሸ በእግሬ። የለበስኩት የሥራ ልብስ ነው፣ ትከሻው ላይ ተቀዷል። ገበያተኛ ቢያየኝ ይየኝ።

ዕዳው ባለፈው ሐሙስ አለቀ። ሳሊም ከዚያ በፊት መሬት ላራሹ የሚለውን አዋጅ ከራዲዮ ሰምቶ ደላላውን ይዞ መጋዘን ድረስ መጥቶ ነበር። አባትህ መሬት አገኘ አሉ፣ ዋሽተኸኝ ነበር፣ መንግሥት እውነት አደረገልህ ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ነው ወይ አባዬ? እዚያው የሚያርሱት ነው የተሰጠዎት? በሬ እንደሌለ አውቃለሁ። በሬ እስኪገኝ የኔ ትከሻ አለ፣ መቆፈር ደግሞ ማን ይበልጠኛል።

ሐሙስ ዕለት ሳሊም ካዝናውን ከፍቶ ወረቀቱን ሰጠኝ። አገራችሁ ዕዳ ሲያልቅ ይቀደዳል አይደል፣ ቅደደው አለኝ። እኔ አልቀደድኩትም። ከመጋዘን ወጥቼ ፀሐይ ላይ ዘረጋሁት። ንጉሡና አምባቸው የፈረሙበት ደብዝዟል። የአንቱ አውራ ጣት ግን ቀለሙ እንዳለ ነው፣ የማረሻው ጠባሳ ሳይቀር ይታያል።

የኔን አውራ ጣት ላዩ ላይ አሳረፍኩት። አልሸፈነውም። በአራቱም በኩል የአንቱ ተርፎ ወጣ።

በፖስታ አልልከውም፣ በፈንታዬም እጅ አልልከውም። ራሴ ይዤልዎት እመጣለሁ። አንቱ ይቅደዱት። ከዚያ ከዛፉ በላይ ይውሰዱኝ።

ይሄን ደብዳቤ ስማቸው ቀስ ብሎ ያንብብልዎት፣ ለአንቱ ብቻ።

ልጅዎ ጀብሪል